ባሕር የሚሆን ሰው ይፈለጋል

ካለፈው መስከረም ወዲህ ሦስት ሰዎች ደውለውልኛል። አንዱ ሱሉልታ ቤት የሠራው የአጎቴ ልጅ ነው። ሁለተኛዋ ቡራዩ ገባ ብላ የምትኖር የዕቁብ ጓደኛዬ ናት። ሦስተኛው እዚሁ ሰበታ፣ ከቤቴ ሁለት አጥር አልፎ ያለ ጎረቤት ነው። ሦስቱም ጂፕሰሙን አስጨርሰዋል፣ ሶፋውን አስገብተዋል፣ ቴሌቪዥኑን ግድግዳው ላይ ሰቅለዋል። የቀረቻቸው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ባሕር።

አገሩ ሁሉ ስለ ባሕር በር ሲያወራ እነሱ በሩን ዘለው ባሕሩን ራሱን ሳሎን ሊያስገቡት ነው። ጎልድፊሽ ግዙ ብላቸው ተቀየሙኝ። ጎልድፊሽ የክሊኒክ ተራ መጠበቂያ ላይ የሚቀመጥ ነው አሉኝ። የሚፈልጉት በስልካቸው ያዩትን ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ባለ ቀለም፣ ፊቱ ከአካሉ ሲሶውን የሚይዝ፣ ሰው ላይ የሚያፈጥ፣ በጨው ውኃ የሚኖር ዓሣ። ትሪገርፊሽ።

እኔ ዘንድ የሚደውሉበት ምክንያት አለ። ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ወረቀቴ ላይ የተጻፈው የቤት ሠራተኛ ነው፤ ያልተጻፈው ደግሞ ሳሎኑን ለሁለት የሚከፍል የዓሣ ገንዳ እንደነበረና ገንዳው በሙሉ የእኔ ሥራ እንደነበረ ነው። ባለቤትየው ዓሣውን ለእንግዳ ያሳየዋል፤ እኔ አበላዋለሁ። ቀይ ባሕር ከቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ግን ባሕር ማለት ለእኔ ያ መስታወት ነበር። ስለዚህ ምክር ለመስጠት ብቁ ነኝ ብዬ አምናለሁ፤ እርስዎም ቡናዎን ይዘው ረጋ ብለው ያንብቡኝ።

መጀመሪያ ከእንግዳው ጋር ይተዋወቁ። የአማርኛ ስም ስላልወጣለት እኔ ባለ ቃታ እለዋለሁ፤ የፈረንጁም ስም ትርጉም ይኸው ነው። ጀርባው ላይ እሾሆች አሉት። የፊተኛው ወፍራምና ረጅም ነው። ሲደነግጥ ወይም ሊተኛ ሲል የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይገባና ያንን እሾህ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ከኋላው ያለችው ትንሿ እሾህ ደግሞ ሥሩን ትቆልፈዋለች። ከዚያ በኋላ ቢጎትቱት፣ ቢለምኑት፣ ሽማግሌ ቢልኩበት አይወጣም። ትንሿን ጫን ሲያደርጓት ግን ትልቁ እሾህ እጥፍ ብሎ ይተኛል። ቃታ ያልኩት እሷን ነው። በዚህ የተነሳ ባለ ቃታን በመረብ ማውጣት የለብዎትም፤ እሾሁን መረቡ ውስጥ ይቆልፍና ሁለታችሁም ትሰቃያላችሁ። በፕላስቲክ ዕቃ ከነውኃው ይቅዱት። እኔ ይህን የተማርኩት መረቡን በመቀስ ቆራርጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ የመረቡም ዋጋ ከደመወዜ ተቆርጧል።

ዘመዶቹ አርባ ያህል ዓይነት ናቸው። የቀይ ባሕሩ ፒካሶ የሚባለው፣ ከንፈሩ ቢጫ የተቀባ የሚመስለው፣ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ለጀማሪ ይሻላል ከተባለ እሱ ነው። ክላውን የሚባለው፣ ሆዱ ላይ ትልልቅ ነጭ ክቦች ያሉት፣ እስከ 50 ይደርሳል። ታይታን የሚሉት 75 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆንና በእንቁላሉ ሰሞን ጠላቂዎችን እያሳደደ ስለሚነክስ ሳሎን ውስጥ ሳይሆን በር ላይ ማሰር ይቀላል። ኒጀር ትሪገር የሚባለው ሰማያዊ አለ፤ ጥርሱ ቀይ ነው። ለዚህኛው በ1836 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ነው። ሩፔልን ጎንደሬዎች ሊያውቁት ይገባል፤ በምፅዋ ገብቶ ሰሜን ተራራን አቋርጦ ጎንደር የከረመ፣ ለጭላዳ ዝንጀሮም በ1835 እ.ኤ.አ. የሳይንስ ስሙን ያወጣለት ሰው ነው። ጭላዳና ባለ ቃታ አንድ ክርስትና አባት አላቸው ማለት ነው። ይህን ለእንግዶችዎ ሲነግሩ ዓሣው ካልሞተ በጣም ያምርብዎታል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ሦስቱ ከተሞች ዛሬ ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ ተጠቃለዋል፤ የዓሣው ነገር ግን ከክፍለ ከተማ ክፍለ ከተማ ይለያል።

ሰበታ የሚኖሩ ከሆነ እንኳን ደስ አለዎት። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የኢትዮጵያና የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ የሚነሳው ከኛ ከተማ ነው፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ጅቡቲ ይደርሳል። ካሰቡት፣ ባሕሩና የእርስዎ ሳሎን በአንድ ብረት የተያያዙ ናቸው። ብቻ ዓሣውን በባቡር አያምጡት። ባለ ቃታ የሚጓጓዘው በኦክስጅን በተሞላ ፕላስቲክ ከረጢት ነው፤ ጥርሱ ደግሞ ዛጎል ለመስበር የተሠራ ስለሆነ መንገድ ላይ ሲሰለቸው ከረጢቱን ይበሳዋል። ድርብርብ ከረጢት፣ ካርቶን፣ ሕጋዊ አስመጪና አውሮፕላን ያስፈልጋል። በተረፈ ሰበታ የዓሣ ከተማ መሆኗን አይርሱ፤ ብሔራዊው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል እዚሁ ነው። እዚያ ኩሬ ውስጥ ቆሮሶ ይራባል፣ ጫጩቶቹም ወደ ግድብና ወደ ገበሬ ኩሬ ይሄዳሉ። ቆሮሶ የሰጡትን ይበላል፣ ይወልዳል፣ ይከብዳል፣ በመጨረሻም ከሎሚና ከቃሪያ ጋር ይቀርባል። ባለ ቃታ ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም አያደርግልዎትም። የማዕከሉን አጥር ባለፍኩ ቁጥር የሰበታው ጎረቤቴ ስለምን ሁለት ኩሬ ቆሮሶ እንዳልቆፈረ ይገርመኛል፤ ነግሬው «እሱማ የድሃ ነው» ብሎኛል።

ቡራዩ ለውኃ ትመቻለች፤ ገፈርሳ ግድብ አጠገቧ ነው። ነገር ግን ከቧንቧ የሚመጣው ውኃ ክሎሪን አለው። ክሎሪን ለእርስዎ ጤና ነው፣ ለዓሣ ጉንፋን አይደለም፣ ሞት ነው። በርሜል ሞልተው አንድ ቀንና ሌሊት በአየር ፓምፕ እያናፈሱ ያስቀምጡት፣ ወይም ክሎሪን የሚያጠፋውን ጠብታ ይጨምሩ። የዕቁብ ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ውኃ በሳምንት ሁለቴ እንደሚመጣላት፣ በርሜሉም ለልብስ እንደሆነ አስታወሰችኝ። ስለ ቡራዩ ያለኝ ምክር ይኸው ነው።

ሱሉልታ ግን ሌላ ታሪክ ናት፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ተሻግራ ነው የተቀመጠችው። «ከባሕር ወለል በላይ» የሚለውን ሐረግ ትምህርት ቤት በቃል ስንይዝ ማንም በዓሣ ዓይን አልተመለከተውም። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጨው ውኃ በተፈጥሮው ጨው ከሌለው ውኃ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል፤ የሞቀ ውኃ ደግሞ ከቀዘቀዘው ያነሰ። እርስዎ ሦስቱንም ባንድ ላይ ነው የሚያደርጉት፤ ከፍታ፣ ጨውና ሙቀት። ቀነኒሳ በቀለ ሱሉልታ ላይ የመሮጫ ትራክ ያሠራው አየሩ ሳሳ ስለሚል ነው፤ ሯጩ እዚያ ደሙን አጠንክሮ ቆላ ወርዶ ሌላውን ይቀድማል። ዓሣዎ ግን የሚወዳደረው ሰው የለውም፤ ቆላም አይወርድም። ስለዚህ የአየር ፓምፕ አንድ ሳይሆን ሁለት ይግዙ፤ የውኃው ፊት ሌሊትም ቀንም መናወጥ አለበት። ጸጥ ያለ ውኃ ፎቶ ላይ ነው የሚያምረው።

ከዚያ ብርዱ አለ። ባለ ቃታ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋል። የሱሉልታ ሜዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ያነጥፋል፤ ጠዋት ላም ሲያልቡ እጅ ይደነዝዛል። ለእያንዳንዱ ሊትር አንድ ዋት ማሞቂያ ቢያስቡ ለ500 ሊትር 500 ዋት ነው። ምጣድ ባይሆንም የምጣድ ታናሽ እህት ናት፤ ሌት ተቀን እንጀራ ሳትጋግር ትቆጥራለች።

500 ሊትር ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ ለአንድ ፒካሶ ከዚያ ብዙ ባይወርድ ይሻላል። ግማሽ ቶን ውኃ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ መስታወቱና ድንጋዩ ሳይቆጠር። ቡፌ ላይ አይቀመጥም። የአጎቴ ልጅ ቡፌው ጥቁር እንጨት ስለሆነ ይችላል ብሎ ተከራክሮኛል፤ ብርጭቆዎቹን ሳያወጣ ነበር የሚከራከረው።

አሁን ጨው። ባሕር በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ወደ ሰሜኑ እስከ 40 ይደርሳል። ለ500 ሊትር 17 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ ሁሉም ሰው አንድ ነገር ይለኛል፤ «ታዲያ ጨው መች ጠፋ፣ አፋር ሞልቶ!» እውነት ነው፣ ሞልቷል። ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ የሚወርደው ደናክል ዱሮ ቀይ ባሕር የገባበት፣ ከዚያ የተቆረጠበትና የተነነበት ምድር ነው፤ አያቶቻችን በአሞሌ ሲገበያዩ የነበረው በደረቀ ባሕር ቁራጭ ነው። ባሕሩ ከእኛ በፊት ራሱ መጥቶ፣ ኑሮው ከብዶት፣ ጨዉን ጥሎ ሄዷል። ነገር ግን ሱቅ የሚሸጠው የወጥ ጨው አዮዲን የተጨመረበት፣ ለእኔና ለእርስዎ እንቅርት የታሰበ ነው። የባሕር ውኃ ውስጥ ካልሲየም አለ፣ ማግኒዥየም አለ፣ ፖታሲየም አለ፣ ሌላም ብዙ ነገር በልኩ አለ። የወጥ ጨው አሟምተው ዓሣ ቢያስገቡበት የሠሩት ባሕር ሳይሆን ሾርባ ነው። ለዓሣ ገንዳ ተብሎ የተቀመመውን ማስመጣት ነው፤ እሱም በዶላር።

ደግሞ ይህችን ትንሽ ነገር ይያዙልኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውኃ ሲተን ጨው አይተንም። ወጥ እሳት ላይ ረስተው ያውቃሉ አይደል? ሲመለሱ ጨው በዝቶበት ያገኙታል፣ ማንም ሳይጨምርበት። ገንዳውም እንዲሁ ነው። የጎደለውን ጨው በሌለው ውኃ ይሙሉ እንጂ በጨው ውኃ አይሙሉ። የጨው ውኃ የሚጨምሩት አሮጌውን ቀድተው ሲያወጡ ነው፤ በሳምንት ከአሥር አንዱን፣ ማለትም ሁለት ባለ 25 ሊትር ጄሪካን። አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ። ጅዳ ሳለሁ ትከሻዬ እንዴት እንደሰፋ እናቴ አይታ ስፖርት የሠራሁ መስሏት ነበር።

ዓሣውን ገንዳው በተሞላ ማግስት እንዳያስገቡት። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ቀላል ነው፤ እርሾ ሳይኖር ሊጥ አይቦካም። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ድንጋዩና ማጣሪያው ላይ መንደር መሥርተው እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ መርዝ ናቸው፤ መለኪያው ዜሮ እስኪል ይጠብቁ። የቆየ ገንዳ ካለው ሰው አንድ ድንጋይ ካገኙ እርሾ ተበድረዋል ማለት ነው፣ ፈጠን ይላል። የአጎቴ ልጅ በአምስተኛው ቀን ደውሎ «ውኃው ጥርት ብሏል፣ ምን ይጠበቃል?» አለኝ። ማጠቢያ ላይ ያለ በረኪናም ጥርት ያለ ነው አልኩት።

አሁን ዋናው፤ መብል።

ጅዳ ሥራዬ የሚጀምረው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ከፍሪዘር ሦስት ሽሪምፕ ከነቅርፊታቸው አወጣለሁ። ሙቅ ውኃ ውስጥ አይነከሩም፤ ከገንዳው በተቀዳ አንድ ጣሳ ውኃ ውስጥ ቀስ ብለው ይቀልጣሉ። ጭንቅላታቸውን አልጥልም፤ ቅርፊቱን አልልጥም። ለሰው ቢሆን ይላጣል፣ ለእሱ ግን ቅርፊቱ ነው መድኃኒቱ። የባለ ቃታ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፤ ባሕር ውስጥ ዛጎል፣ ሸርጣንና ኮራል እየቆረጠመ ይሞርደዋል። ለስላሳ ለስላሳውን ብቻ ካበሉት ጥርሱ አፉን አልፎ ይወጣና መዝጋት ያቅተዋል፤ ጥርስ የሚሞርድ ሐኪም ደግሞ ሱሉልታ ለሰውም ፈልገው ያግኙ። ስለዚህ ሽሪምፕ ከነልብሱ፣ ግማሽ ዛጎሉ ላይ ያለ ክላም፣ የሸርጣን እግር፣ አልፎ አልፎ ስኩዊድ ተከትፎ፣ የባሕር ቅጠልም እንደ ጎመን። አንድ ዓይነት ብቻ እየሰጡ እንዳያከርሙት፤ ቫይታሚን ይጎድለዋል። ትንሽ ትንሽ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል። የተረፈውን ወዲያው ያውጡ፤ ካልወጣ አሞኒያ ይሆናል።

የጅዳው ባለ ቃታ የእግሬን ኮቴ ያውቅ ነበር። ልጆቹ ሲያልፉ አይነሳም፣ እመቤቲቱ ስታልፍ አይነሳም፤ እኔ ባዶ እግሬን ከማድ ቤት ስወጣ ግን ከድንጋዩ ሥር ብቅ ይልና ወደ ማዕዘኑ ይመጣል። ዓይኖቹ ከአፉ ርቀው ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ይዞራል። በአንዱ እኔን፣ በሌላው ጣሳውን ያያል። ከዘገየሁ ወደ ላይ ወጥቶ ውኃ ይተፋብኛል፤ ሻርፔ ላይ ስንት ጊዜ ጨው ደርቋል። ከሆዱ ደግሞ እንደ ማጉረምረም ያለ ድምፅ ያወጣል፤ መስታወቱን በእጅ ሲነኩት ይሰማል።

አንድ ቀን ባለቤትየው ከነሕይወቱ የባሕር ጃርት ገዝቶ መጣና ለጓደኞቹ ትርዒት አሳየ። ጃርቱ ዙሪያውን እሾህ ነው፤ ሆዱ በኩል ብቻ ይሳሳል። ባለ ቃታው መጀመሪያ ዞረው። ከዚያ አፉን ወደ አሸዋው ደፍቶ ውኃ እፍ አለበት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጃርቱ ተንገዳገደ። ቀጥሎ አንዷን እሾህ በጥርሱ ጫፍ፣ ልክ ሴት ጎመን ውስጥ ያገኘችውን ሥር እንደምታወጣ፣ ይዞ ወደ ላይ አነሳውና ለቀቀው። ጃርቱ በጀርባው ወደቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ምሳ ነው። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። አሸዋውን ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤ የጃርት እሾህ ጣት ውስጥ ከገባ ተሰባብሮ ይቀራል።

በአገራችን በመብል በኩል የሚመጡ ሦስት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው ጾም ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው፤ ይህ ዓሣ ራሱ ግን ረቡዕና ዓርብ አያውቅም፣ በሁዳዴም ሥጋ ይፈልጋል። ቤተሰቡ ሽሮ ላይ እያለ ለእሱ ሽሪምፕ ሲቀልጥ እማማ አንድ ነገር ቢናገሩ አይፍረዱባቸው። ሁለተኛው አጎት ነው። የሱሉልታው ዘመዴ ምክሬን ሳያስጨርስ ፒካሶውን በሕጋዊ አስመጪ አስገባና ቤት አስመረቀ፤ አንድ አጎታችን ቁርጡን በሚጥሚጣ እያጣቀሰ ሲበላ ዓሣው አፈጠጠበት። አጎቴ ቸር ሰው ነው፣ እየበላ ሌላውን አያስርብም። አንድ ጉርሻ ጮማ ጣለለት። ባለ ቃታው ቀመሰው፣ ተፋው፣ ደግሞ ቀመሰው። የከብት ስብ ለዓሣ አይፈጭም፣ ሚጥሚጣው ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። በማግሥቱ የውኃው ፊት ላይ ቅባት ተንሳፍፎ ሌላ አራት ጄሪካን ተቀይሯል። ሦስተኛው ቡና ነው። የአየር ፓምፑ የሚስበው የሳሎኑን አየር ነው፤ እርስዎ ከሰል አቀጣጥለው ዕጣን ሲያጤሱ ፓምፑ ጭሱን ቀጥታ ውኃው ውስጥ ይነፋዋል። የበረሮ መርጫም ከዚያ ይብሳል። ረከቦቱን ወደ በረንዳ ያውጡ። ቄጠማውም አብሮ ይውጣ፤ ባለ ቃታ ያየውን ሁሉ ይነክሳል።

መንከሱን በቀልድ አይውሰዱት። ከሌላ ትንሽ ዓሣ ጋር አያስቀምጡት፣ ይበላዋል፤ ከኮከብ ዓሣ ጋር አያስቀምጡት፣ ክንዱን እየቆረጠ ይበላዋል። ድንጋዮቹን እርስዎ በውበት ይደረድራሉ፣ እሱ ሌሊት በሐሳቡ ይደረድራቸዋል፤ ስለዚህ አሸዋው ላይ ሳይሆን የገንዳው ወለል ላይ አስደግፈው ይትከሏቸው፣ አለዚያ ተንደው መስታወቱን ይመታሉ። ከሁሉ በላይ የማሞቂያውን ገመድ ያርቁበት። ገመድ ለእሱ የሸርጣን እግር ነው። ማሞቂያው ከኋላ በተለየ ሳጥን ውስጥ፣ ዓሣው በማይደርስበት ይቀመጥ።

እንግዲህ የተናገርኩትን ቢደምሩት አንድ ነገር ይታያል። ሙቀቱን፣ ጨዉን፣ ማዕበሉን፣ እርሾውን፣ ዛጎሉን፣ የቆሻሻውን መጠረግ ባሕር በነጻ ይሠራው ነበር። ዓሣው ወደ ቤት ሲመጣ ሥራው አልቀረም፤ ሠራተኛው ነው የተለወጠው። ጅዳ ባሕሩ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከመስታወቱ፣ ከፓምፑና ከዓሣው በፊት የሚያስፈልግዎት ሰው ነው። እርስዎ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥተው ማታ ሁለት ሰዓት የሚገቡ ከሆነ ባሕር አይሆኑም። ልጆችዎ ሁለት ሳምንት ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ። ቅጥሩን ሲዋዋሉ «ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ» ከሚለው ቀጥሎ «ባሕር መሆን» ብለው ያስጽፉ፣ ደመወዙንም ለብቻው ያስቡት። የሌሊት አበል አለው።

የአጎቴ ልጅ ቤት ያለችው ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሳሠለጥናት ፈጣን ነበረች፤ የጨው መለኪያውን በአንድ ቀን ለመደችው፣ ሽሪምፕ ግን መጀመሪያ በእጇ መንካት ተጸየፈች። ትሉ የቱ ጋ ነው የሚበላው አለችኝ። በብርድ ሰሞን ማታ ማታ ገንዳውን በአሮጌ ጋቢ እንድትሸፍነው ነገርኳት፤ ፊት ለፊቱን ብቻ ሳይሆን ጎንና ጎኑን፣ ከላይ ለአየር ክፍት ትታ። አክስታችን አንድ ምሽት ገብታ ጋቢ የለበሰውን መስታወት ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ምነው፣ አስክሬን ነው?» ብላ ጮኸች።

ታኅሣሥ ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። ልጅቷ ናት።

«እትዬ፣ መብራት ሄዷል። ዓሣው ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።»

«ጋቢው አለ?»

«አለ።»

«ሌላም ብርድ ልብስ ጨምሪበት። የላይኛውን ግን አትዝጊ። አሁን ጆግ አምጪ። ከገንዳው ቅጂና ከፍ አድርገሽ፣ ጠላ ሲቀዱ አረፋ እንደሚያስነሱ ሰዎች፣ መልሰሽ አፍስሺው። ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። ደጋግመሽ። ምግብ ዛሬ ጠዋት እንዳትሰጪው።»

ስልኩን ወለሉ ላይ ስታስቀምጠው ተሰማኝ። ከዚያ ውኃው፤ ቅድት፣ ፍስስ። ቅድት፣ ፍስስ። ስድስት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ስለሆነ ትክክል መሥራቷን በጆሮዬ አወቅሁ። ጥቂት ቆይታ ትንፋሿ እየተቆራረጠ መጣች፤ ሱሉልታ ነው፣ አየሩ ለእሷም ያው ነው።

«እስከ ስንት ሰዓት ላፍስስ፣ እትዬ?»

«መብራት እስኪመጣ።»

ዝም አለች። ውኃው ሦስት ጊዜ ወደቀ።

«ጋሼ ፎቅ ተኝተዋል። ልቀስቅሳቸው?»

«ቀስቅሺው» አልኳት። «ሁለተኛ ጆግም ይዘሽለት ውጪ።»